አክስቴ የሰፋችው መዝሙር

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ግን ከመርፌዋ ይቀድማል። ሱቋ በቁልፍ ቀራጩና በጫማ አዳሹ መሐል የተሰነቀረ አንድ ክፍል ነው። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ልኩን የሚሰጠው ደጅ ቆሞ ነው። ግድግዳው ላይ ያላለቁ ኮቶች እጅጌ አልባ ሆነው ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ ጠመኔ፣ መቀስ፣ ሜትርና ስፒል የተሰካካበት ትንሽ ትራስ አለ። መሐሉን የያዘው ደግሞ በእግር የሚረገጠው አሮጌው የስፌት መኪናዋ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ መኪና ገዝቼላት ነበር። መርቃ ተቀበለችኝ፣ ጨርቅ አለበሰችው፣ ከዚያ የክር ማስቀመጫ አደረገችው።

«ያጣድፈኛል» አለችኝ ስጠይቃት። «አንድ ስንኝ ሳልቋጥር እጅጌው ያልቃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አክስቴ የምትገጥመው በእግሯ ነው። መርገጫው ላይ እግሯን ካላሳረፈች ግጥም አይመጣላትም፤ ካሳረፈች ደግሞ የሚያቆማት የለም። ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪው ባለፈው ሱሪውን ይዞ መጥቶ «አጥብበሽብኛል» ብሎ ሲከሳት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው፦

ሱሪው ምን አጠፋ የመጣው ተከሶ፣
ሆድህ ነው የሄደው ድንበሩን አፍርሶ

አለችው። ሰውየው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እሷም ሱሪውን አስፍታ መለሰችለት፣ እሱም በማግስቱ ትኩስ ዳቦ ላከላት።

ሁልጊዜ ግን ነገር አትፈልግም። ልብስ ጨርሳ ስታስረክብ ምርቃት ትጨምርበታለች፤ ግማሹ ደንበኛ የሚመጣው ለስፌቱ ይሁን ለምርቃቱ አይታወቅም። አንዲት ልጅ ለሥራ ፈተና የምትለብሰውን ኮት ልትወስድ መጥታ በፍርሃት ቁልፉን አዛንፋ ስትቆልፍ አክስቴ አይታ፣ ትከሻዋን እያስተካከለችላት፦

ኮቱ ለትከሻ፣ ጌታ ለጎዳና፣
ሄደሽ ተመለሺ በሰላም በጤና

ብላ ላከቻት። ልጅቷ ሥራውን ታግኝ አታግኝ አላውቅም፤ ከሱቁ ስትወጣ ግን ቀጥ ብላ ነበር።

«ይህን ከማን ተማርሽው?» የሚላት ካለ አክስቴ ሥራዋን አቁማ ታወራለች። አያቴ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ትሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ውላ ስትመጣ ጣቶቿ ነጥተው ተጨማድደው ነበር ይባላል። ባሏ በጊዜ ስለሞተ ሁለቱን ልጆቿን፣ አባቴንና አክስቴን፣ ለብቻዋ ነው ያሳደገቻቸው። ማታ ፋኖሱ ከበራ በኋላ ጸሎት ይደረጋል፤ ጸሎቱ ግን ጨዋታም ነበር። ተራው የደረሰው ልጅ የሚያመሰግንበትን ነገር ይመርጣል፤ አያቴ በዚያ አንድ ስንኝ ትጀምራለች፤ ልጁ ቤት የሚመታ ሁለተኛ ስንኝ አምጥቶ ያመሰግናል። ካልመለሰ ፋኖሱ አይጠፋም፣ እንቅልፍም የለም። ሕጉም ጥብቅ ነበር፤ በዚያ ሳምንት አንዴ የተመሰገነበት ነገር አይደገምም።

«ሰኞ ዕለት ዳቦና ጤና ያልቃሉ» ትላለች አክስቴ። «አባትሽ ታላቅ ነኝ ብሎ ዳቦን ይቀድመኛል። ረቡዕ ላይ ብርድ ልብሱም፣ ውኃውም፣ የጎረቤት ድመትም አልቀዋል። ዓርብ ሲደርስ ቤቱን በዓይናችን እንበረብራለን።»

በአንዱ ዓርብ እሷ በርብራ ያገኘችው ሳፋውን ነበር። እናቷ «ጌታ ሆይ ተመስገን ለሰጠኸን ሳፋ» ብላ ስትጀምርላት፣ አክስቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ሁለት ሰው ታጥቦበት ውኃው ያልተደፋ» ብላ ዘጋችው። የአባቴ ደግሞ በቤተሰባችን ሲነገር የሚኖር ነው። የቤታቸው በር ማጠፊያው ዝጎ ይጮኽ ነበር። ያን ጊዜ የወተት ጥርሱን እንኳ ነቅሎ ያልጨረሰው አባቴ፣ እናቱ ስትጀምርለት እንዲህ ዘጋው፦

ጌታ ሆይ ተመስገን ለዚች ለጠባብ ቤት፣
ሲጢጥ ይላል በሩ እማ ስትገባበት።

አያቴ ይህን ከሰማች በኋላ ማጠፊያው ዘይት እንዳይነካው ከለከለች።

አክስቴ እግዚአብሔርን ያወቀችው በዚያ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ደጋግማ ነግራኛለች። «ስብከቱ በኋላ መጣ፤ እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት ከሳፋው ጋር ነው» ትላለች። «የምታመሰግኚበት ነገር ስትፈልጊ ዓይንሽ ይከፈታል። ዓይንሽ ከተከፈተ ግጥሙም እምነቱም በአንድ በር ይገባሉ።» ይህን ንግግሯን ከብዙ ስብከት አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ሰባኪያችን እንዳይሰሙኝ እንጂ።

አባቴ ግን በሩን ዘግቶ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ለዓመታት ቆጥቦ ለእናቱ ቤት ሠራላት፤ ሁለት ክፍል፣ ቧንቧው እውስጥ የገባ፣ መስኮቱ ሰፊ። አያቴ ዕቃዋን ጠቅልላ ልትገባ በዝግጅት ላይ ሳለች ታመመች፤ ቤቱን ሳታየው ሞተች። አባቴ በቀብሯ ላይ አላለቀሰም፤ አኮረፈ። ያኮረፈው ሰውን አይደለም፤ ፈጣሪውን ነው። «እንዴት ነህ?» ሲሉት ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚለው አይልም፤ «አለሁ» ብሎ ያልፋል። እሑድ እሑድ ሌሎች ሹፌሮች የሚሸሹትን ተራ እሱ ለምኖ ይወስዳል። እናቴ ብትለምነው፣ እኔ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች! አክስቴን በሕይወቷ የሚከነክናት ነገር ይኸው ብቻ ነበር። «ወንድሜ በሕይወት እያለ ናፈቀኝ» ትለኝ ነበር።

በዚህ መሐል የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ታደሰና ለመክፈቻው ቀን አዲስ መዝሙር ተፈለገ። የመዘምራን መሪያችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ዜማ ያወጣሉ፣ ግጥም ግን እሺ አይላቸውም። እኔም ከመዘምራኑ አንዷ ነኝና አክስቴን ጠቆምኩ። እሷም ያንኑ ዕለት ለራሷ አንድ ነገር ቆረጠች፤ መዝሙሩ ስለ እናታቸው ይሆናል፣ ወንድሟም መጥቶ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ ቀልድ ጠፋ። ጨርሳ ስታነብልኝ ዙፋን ነበረበት፣ ነጎድጓድ ነበረበት፣ የእሳት ሠረገላም አልቀረ።

«ጥሩ ነው» አልኳት፤ ፊቴ ግን ከዳኝ።

«ተዪ፣ አትዋሺ። እኔ እኮ ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ ምን ብዬ ነው የማመሰግንበት? እግዜርን እንደማላውቀው ሰው አነጋገርኩት። ልጅ ሆነን እንዲህ አልነበርንም።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ከሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሥራው ለዚያው አዳራሽ የታዘዙ የጠረጴዛ ልብሶችን ጠርዝ መቀምቀም ነበር። አራት ማዕዘን ጨርቅ ሲቀመቀም መኪናው ዳር ዳሩን ይሮጥና ጥግ ላይ ይቆማል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ እግር ይነሣል፣ ጨርቁ ይዞራል፣ እንደገና ይረገጣል። መዝሙሩ የመጣላት እዚያ ላይ ነው፤ እናቷን እያሰበች፣ እግሯ እየረገጠ፦

ሲጢጥ ለሚለው በር፣ እናት ለገባችበት፣
ለዚያ ለፋኖሱ፣ ለተጠጋንበት፣
ለአንዱ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ላደርንበት፣
አንተ ነበርህበት።

መሪያችን ሲያነቡት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አንድ ሽማግሌ «ሲጢጥ በመዝሙር ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ነበር፤ «እርስዎ ቤት በር የለም እንዴ?» አለቻቸው አክስቴና ስቀው አለፉት። ችግሩ ሌላ ነበር። ሦስቱ ስንኞች ሙሉ ሲሆኑ አራተኛው ግማሽ ነው፤ በሌሎቹም አንቀጾች እንደዚያው። መሪያችን ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ።

«እህቴ፣ እዚህ ጋ ግማሽ ስንኝ ይጎድላል። ዜማው መድረሻ አጣ።»

አክስቴ ሱቋ ተመልሳ መርገጫውን እየረገጠች ብትለው ብትለው ምንም የሚጎድል አልመሰላትም። ቆይቶ ገባት፤ ጥጉ ነው! አራተኛው ስንኝ መሐል ላይ እግሯን አንሥታ ጨርቁን ታዞር ነበር፤ ዝምታው ከመዝሙሩ ጋር አብሮ ተሰፋ። ልብስ ሰፊ ካልሆነ በቀር እንዲህ የሚሳሳት ሰው ያለ አይመስለኝም። ልትሞላው ሞከረች፤ የጨመረችው ሁሉ ደህና ልብስ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ሆነባት። በመጨረሻ «እንዲሁ ይሁን፤ እዚያ ጋ ዝም በሉ» አለች። መዘምራንን ዝም ማሰኘት ግን ከማዘመር ይብሳል። በየልምምዱ አንድ ድምፀ ጎርናና ወንድማችን ባዶው ቦታ ላይ ዘሎ ይገባና ሁላችንም በሳቅ እንፈርሳለን።

የመክፈቻው እሑድ ሲቃረብ አክስቴ ሱቋን ዘግታ የአባቴ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። እሷም ሕግ አክባሪ ስለሆነች ያነጋገረችው የፊት መስታወቱን ነበር።

«አንተ መስታወት» አለች፣ «ወንድም ጋሼን አንድ ነገር ንገርልኝ። እሑድ መዝሙሬ ይዘመራል። ስለ እማዬ ነው።»

አባቴ መንገዱን እያየ ማርሽ ቀየረ።

«ካልመጣ ደግሞ በየቀኑ እዚህ ወንበር ላይ ነኝ በልልኝ። አፌም አይዘጋም።»

ተሳፋሪው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «እሑድ ተራ አለብኝ፣ እቴ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። አክስቴ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዳ ሱቅ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «አይመጣም» አለችኝ። ያን ቀን መኪናው ሲሮጥ ዋለ፤ አንድ ስንኝ ግን አልሰማሁም።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሜ የማየው በሩን ነበር። አባቴ የለም። መዝሙሩን ጀመርን። የመጀመሪያው አንቀጽ አልቆ ዝምታው ሲመጣ ሕዝቡ ግራ ተጋባ፤ አንዱ ሳለ፣ አንዷ ሕፃን «አለቀ?» ብላ ጮኸች። መሪያችን አየር ላይ በጣታቸው ቆጥረው አስቀጠሉን። ሁለተኛውን አንቀጽ ስናጋምስ በሩ ተከፈተና አባቴ የሥራ ኮቱን እንደለበሰ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ። ተራውን ከባልደረባው ጋር ተለዋውጦ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ወንበር አልፈለገም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

በልምምዳችን መሠረት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን አንቀጽ ደገምነው። «ሲጢጥ ለሚለው በር» ስንል አባቴ ራሱን ቀና አደረገ። ፋኖሱ መጣ፤ ብርድ ልብሱ መጣ። ቆቡን በሁለት እጁ ሲጨመድደው አየሁት። «አንተ ነበርህበት» አልንና ዝም አልን።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንኝ ተጀምሮ ሲተው ማለፍ የማይሆንለት ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ነው ያደገው። ተሳፋሪውን «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ!» የሚልበት ያ ወፍራም ድምፁ ወጣ፦

«…እኔ ሳላይበት።»

ቤት መታ። ልክ ሆነ። ሰው ሁሉ ዞረ። አክስቴ ፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ ሳትዞር አወቀችው፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። መሪያችን መቁጠሩን ረሱት። እኔ ፊቴን በእጅጌዬ ስጠርግ አሜኑን ሌሎች ጨረሱት።

ስንወጣ መሪያችን አባቴን ይዘው ለመኑት። መዝሙሩ አሁን ሞላ፣ ይህችን ስንኝ ስጠንና ከእንግዲህ እንዲሁ እንዘምረው አሉት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «እሷ የኔ ናት፣ መምህር። ሌላው የራሱን ይበል» አላቸው። ስለዚህ ቦታው አሁንም ባዶ ነው። አንዳንድ እሑድ አንድ ሰው የልቡን ይልበታል፤ አንዳንድ እሑድ ዝም ብለን እናልፋለን።

ያን ቀን ምሳ እኛ ቤት ተበላ። አባቴና አክስቴ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቴ ሳህኖቹን ደረደረች፤ ሁላችንም እንዳላየ ሆነን እናያቸዋለን።

«ደከመኝ እኮ፣ እቴ» አለ አባቴ ድንገት። «ኩርፊያው ደከመኝ። ያንን ቤት ሳታይ ሄደች ብዬ ስብከነከን፣ አብረን የኖርንበትን ቤት ረሳሁት።»

ይህን ብሎ በእናቱ ቀብር ያላለቀሰውን አለቀሰ። ለሱሪ፣ ለኮት፣ ለሳፋ ስንኝ የማያጥራት አክስቴ ያን ጊዜ ምንም አልመጣላትም።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ጋሼ» ብቻ አለችው፤ ሳህኑንም ወደ እሱ ጠጋ አደረገችለት።