ለአባቴ መኪና አራት ጎማ

አባቴ ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ መኪናዋን ለእኔ ሰጠኝ። ከልጆቹ ሁሉ መንጃ ፈቃድ ኖሮኝ ሚዛን ተፈሪ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። መኪናዋ ጥቁር ናት፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ወንበሮቿ ቆዳ የለበሱ፣ ባዶዋን እንኳ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የምትመዝን። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ ጨርቅ፣ በመጨረሻም ቡና ሲነግድ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው። ለራሱ ብሎ የገዛው ትልቅ ነገር ቢኖር ይቺ መኪና ብቻ ናት። "ሽጣት" የሚለው ሰው ሲመጣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

"ምን አደረገችህ?" ይላል።

እኔ ቴፒ ካምፓስ አስተምራለሁ። ሰኞ ጠዋት ከሚዛን እወጣለሁ፣ ሐሙስ ከሰዓት እመለሳለሁ። የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ ሁሉ በዚያች መኪና ስገባ ሲያየኝ ይስቃል። የግቢው ጥበቃ መጀመሪያ ሰሞን ባለሥልጣን የመጣ እየመሰለው በሩን በሩጫ ይከፍት ነበር፤ በኋላ ግን "ቲቸር ቀስ በይ፣ ይከፈታል" ማለት ጀመረ። ሳቁን ለመድኩት። መኪናዋን መንከባከቡን ግን በቅጡ አልለመድኩትም። ነዳጅ እሞላለሁ፣ ዘይቱ ሲደርስ አስቀይራለሁ። ስለ ጎማ አስቤም አላውቅም ነበር። ንፋሱ እስካልወረደ ድረስ ደህና ነው ብዬ ነው የምኖረው።

አንድ ሐሙስ ከቴፒ ስመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። እኛ አገር ዝናብ ወር አይመርጥም፤ ስለዚህ መንገዱ ረጥቧል ብዬ ፍጥነቴን አልቀነስኩም። አንድ ቁልቁለት ማለቂያው ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ፍሬን ስረግጥ መኪናዋ አልታዘዘችኝም። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩት፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ ቀኙ ዳር ትንሸራተታለች። ዳር ላይ አንዲት ሴትዮ ጎደሬ በጀርባዋ ተሸክማ ትሄድ ነበር። ድምፁን ሰምታ ዞር አለችና ሸክሟን ጥላ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቡና ውስጥ ዘለለች። መኪናዋ የዳሩን ጠጠር ስታገኝ ቆመች። ከተበተነው ጎደሬ እስከ መኪናዋ አፍንጫ ሁለት እርምጃ አይሞላም።

ወረድኩና በሩን ይዤ ቀረሁ። ሴትዮዋ ከቡናው ወጥታ ቀሚሷን እያራገፈች ወደ እኔ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"አይዞሽ" አለችኝ። የቤንች ሰው መሆኗ ከአማርኛዋ ያስታውቃል። "ውሃ አለሽ? ጠጪ።"

"ልገድልሽ ነበር እኮ" አልኳት።

"አልገደልሽኝም።" ጎንበስ ብላ የፊቱን ጎማ አየች፤ በመዳፏም ዳሰሰችው። "እንዲህ ትልቅ መኪና ሆና ጫማዋ አልቋል" አለች።

ጎደሬውን አብረን ለቀምን። ቤትሽ ላድርስሽ ብላት "በእግሬ ይሻለኛል" አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ሚዛን እስክደርስ ባጃጅ እየቀደመኝ ነዳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አማን ከተማ ወደሚሠሩት ጎሚስታ ሄድኩ። ከካፋ የመጡ፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። አባቴ የጭነት መኪና በነበረው ጊዜ ጎማውን የሚለጥፉለት እሳቸው ነበሩ። ክሪክ አስገብተው የመኪናዋን ፊት አነሡ፣ ጎማውን አንዴ አሽከረከሩት፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሰደዱ።

"ነይ፣ እዚህ ጋ እጅሽን አስገቢ" አሉኝ።

አስገባሁ። ከውጭ ሲታይ ጥርስ ያለው ጎማ በውስጥ በኩል ሙልጭ ብሏል። አንድ ቦታ ላይ የወጣ ሽቦ ጣቴን ወጋኝ።

"በዚህ ነው ቴፒ የምትመላለሺው?"

"አዎ።"

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆይተው ማስረዳት ጀመሩ። ጎማ ሲገዛ ሰው ሁሉ የሚያየው ስፋቱንና የቸርኬውን ልክ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር የሚያይ የለም፤ ጎማው ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የሚናገረው ግን እሱ ነው። አጠገቡ ያለችው ፊደል ደግሞ እስከ ምን ፍጥነት እንደሚያስኬድ ትናገራለች።

"ይቺ መኪና ከባድ ናት፣ ጉልበትም አላት" አሉ። "ስትነሺ ጎማውን ትገፋዋለች። ስትቆሚ ክብደቷ ወደ ፊት ይመጣበታል። የቀላል መኪና ጎማ ብታስገቢላት ይገባል፣ ልኩም ልክ ነው። አይችላትም እንጂ።"

"ለጊዜው ሁለቱን ብቻ ብቀይርስ?"

"በአራቱም እግሯ ነው የምትጎትተው። ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ ያለቀ ከሆነ ውስጥ ያለው ማርሽ ሲታገል ይበላል። ያን ጊዜ ጎማ በስንት ጣዕሙ ትያለሽ።"

በመጨረሻ በጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያላት ትንሽ ጽሑፍ አሳዩኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። የእኔዎቹን ሳነብ እኔ ገና ሥራ ሳልይዝ የተሠሩ ሆነው አገኘኋቸው። ጎሚስታው የሚያስፈልገኝን ቁጥር ሁሉ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉልኝና መኪናዋን እሳቸው ዘንድ ትቼ እንድሄድ ነገሩኝ። ትእዛዝ ነበር፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ማታ ለአባቴ ጎሚስታው ያሳዩኝን ሁሉ፣ ጎማዎቹ መቀየር እንዳለባቸውም ነገርኩት። ስለ ሴትዮዋ ግን አላነሣሁም።

"የጭቃውን ግዢ" አለኝ። "ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን።"

"አባዬ፣ አሁን እኮ አስፋልት ነው።"

"አስፋልት ዛሬ አለ፣ ነገ ይቆረጣል። እኔ ቴፒ ለመድረስ ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ ያደርኩ ሰው ነኝ።"

"አንተ ያደርከው በጭነት መኪና ነው።"

"ጭቃ መኪና አይለይም" አለና ጉዳዩን ዘጋው። ከዚያ ጎማው የሚገዛው ከሐጂ ሱቅ እንደሆነ ነገረኝ።

ሐጂ ከጅማ በኩል የመጡ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ናቸው። አባቴና እሳቸው ሚዛን የገቡት በአንድ ሰሞን ነው። በመስቀል እሳቸው እኛ ቤት፣ በዒድ እኛ እሳቸው ቤት ሳንቀር ነው ያደግነው። "ከሌላ ሰው ከገዛሽ በሱቁ በር እንዴት አድርጌ ነው የማልፈው?" አለ አባቴ። ይህን ሲል ክርክር አይቻልም።

የሚቀጥለውን ሳምንት ቴፒ በሚኒባስ ተመላለስኩ። ዓርብ ጠዋት አባቴን ይዤ በባጃጅ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ ሐጂ ዘንድ ስለሚሄድ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ነበር። ሐጂ ወንበር አቀረቡ፣ ሻይ አስመጡ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። የመጣንበትን ስንነግራቸው ደስ አላቸው።

"አለ! አራት ሙሉ አለ" አሉና ከመደርደሪያ አስወርደው ፊታችን አቆሙት። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው። ስፋቱንና የቸርኬውን ልክ ከካርቶኑ ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው። ቀጥሎ ያለው የክብደቱ ቁጥር ግን ጎሚስታው ከጻፉልኝ ያንሳል። አንድ ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ሐጂ ፊታቸው በርቷል፤ አባቴ ሻዩን ይጠጣል። እንዴት ብዬ እንደምናገር ጠፋኝ።

በዚህ መሐል አባቴ ብርጭቆውን አስቀምጦ እጁን ወደ ጎማው ዘረጋ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ነገርን ሁሉ የሚያየው በጣቱ ነው። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ በጥፍሩ ቧጠጠ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ቦይ ተከትሎ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ።

"ሐጂ፣ ይሄ ደርቋል" አለ።

"አዲስ ነው እኮ" አሉ ሐጂ። "አልተነካም።"

"አለመነካቱን አላጣሁትም። ግን ደርቋል። ልጄ፣ ያቺ ጎሚስታው ያሳየሽ ቁጥር የታለች? አንብቢልኝ።"

አነበብኩ። ጎማው ከተሠራ ስምንት ዓመት አልፎታል። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አዩት። "እኔም በቅርቡ ነው የመጣልኝ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "እንዲህ ያለ ቁጥር መኖሩን አላውቅም ነበር።" ደግሞ ትንሽ ቆይተው፣ "ከሚዛን አማን ለመመላለስ ምን ይላል? ፀሐይ አላየም" አሉ።

ያን ጊዜ የክብደቱ ቁጥር እንደሚያንስም ተናገርኩ። ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን፣ የሐሙሱን ቁልቁለት፣ መሪው እንዴት እንዳልሰማኝ፣ ሴትዮዋ ሸክሟን ጥላ እንዴት እንደዘለለች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ስጨርስ አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል፤ ሊያየኝ እንደማይችል ባውቅም አቀረቀርኩ።

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። "አስተግፊሩላህ" አሉ። ከዚያ ጎማዎቹን ከፊታችን አስነሥተው ወደ ጓሮ አስገቧቸው። "ካርቶኑን ስጪኝ" አሉኝና ስልካቸውን አወጡ። ጅማ ደወሉ፣ የለም ተባሉ። አዲስ አበባ ደወሉ። ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ እኔን እያስደገሙ፣ "የተሠራበትን ዓመት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ፣ ያለዚያ አልቀበልም" እያሉ ነገሯቸው። ለራሳቸው ልጅ ቢሆን እንኳ ያን ጊዜ ካየሁት የበለጠ የሚተጉ አይመስለኝም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ትሸጥ ትላለህ ብዬ ፈርቼ።"

ይህን ከአፌ እስካወጣው ድረስ መኪናዋን እንደዚያ እንደወደድኳት አላውቅም ነበር። አባቴም የጠበቀው መልስ ይህ አልነበረም መሰለኝ፤ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ።

ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ተገኘ፤ ባለ ትልቅ ጥርስ የጭቃ ጎማና የአስፋልት ጎማ። ሁለቱም ክብደቷን የሚችሉ፣ ሁለቱም በቅርብ የተሠሩ ናቸው። ጎሚስታውን ሄጄ ጠየቅኋቸው። "ጭቃ ውስጥ ስንት ቀን ትገቢያለሽ?" አሉኝ። አሰብኩ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ የዘመድ ቡና ማሳ ድረስ። "እርጥብ አስፋልት ላይስ?" ይህ መቁጠር አላስፈለገውም። የጭቃው ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም ያንን ያህል አያስተማምንም፣ ጥርሱ ትልቅ ስለሆነ መሬቱን የሚነካው ጥቂት ነው አሉኝ። ውሃ የሚያስወጡ ጥልቅ ቦዮች ያሉትን የአስፋልቱን መረጥኩ። አባቴ አኮረፈ፤ ምሳም ብቻውን በላ። እኔም አላባበልኩትም። የምነዳት እኔ ነኝ፤ ያን ቁልቁለት የማውቀውም እኔ ነኝ።

ጎማዎቹ ቡና አድርሶ በሚመለስ ጭነት መኪና መጡ። ጎሚስታው የአራቱንም ቁጥር በባትሪ እያበሩ አንብበው ካርቶኑ ላይ ምልክት ካደረጉ በኋላ ነው ማሰር የጀመሩት። ሲጨርሱ የፊቱ እግር ተጣሞ ስለነበር ነው የበፊቶቹ በውስጥ በኩል የተበሉት አሉና ሲባጎ አወጡ። የእግር ማስተካከያ መሣሪያ የላቸውም፤ ሲባጎውን ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ወጥረው ነው የሚያስተካክሉት። አኩርፎ ጥግ የተቀመጠውን አባቴን አዩት።

"ጋሼ፣ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ" አሉት።

አባቴ ተነሥቶ ያዘ። "እንዳትላላ" ሲሉት "ጨርቅ ስለካ ነው ያረጀሁት፣ መወጠር አታስተምረኝ" አላቸው። አንድ ሰዓት ያህል፣ አንዱ እየፈታ ሌላው እየወጠረ ሠሩ። ለብሶት የመጣው ነጭ ሸሚዝ ጥላሸት ሆነ። ሲጨርሱ ጎሚስታው ወደ እኔ ዞረው፣ "የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ በይ፣ አዲስ ጎማ ገላው ያንሸራትታል" አሉኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ አባቴ ቴፒ አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። ከተማውን ስንወጣ ዝናቡ ያዘን። ጭር ያለ ቀጥ ያለ ቦታ ስንደርስ "ከኋላ መኪና አለ?" አለኝ። የለም ስለው "ፍሬን ያዢ" አለ። ያዝኩ። መኪናዋ ምንም ሳትወላገድ ቆመች።

"እሺ" አለ። ስለ ጭቃው ጎማ ከዚያ ወዲህ አንሥቶ አያውቅም።

መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ አየሩን አሸተተ። "ቡናው አበባ አውጥቷል?" አለኝ።

"የግራው አውጥቷል። የቀኙ ገና እምቡጥ ነው።"

"ጥላው ሲበዛ እንደዚያ ነው፤ ይዘገያል። ቀጥሎ ያለውስ?"

ቴፒ እስክንገባ የግራውንም የቀኙንም እየነገርኩት ሄድን።