ከቀትር በኋላ የመጣ ምሳ

እንደ ወትሮው ልፈርም ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድኩ፤ ወረቀቴን ተቀብለው እጄን አሰሩኝ። አገሬ ላይ በፖለቲካ ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ። እዚህ አሜሪካ ይደርስብኛል ግን አላልኩም ነበር። ያስገቡኝ ክፍል መስኮትም ሰዓትም የለውም። የሲሚንቶ አግዳሚ፣ በር የሌለው መጸዳጃ፣ አጥንት የሚገባ ብርድ።

አንድ ሰው ቀድሞኝ ነበር፤ ሚልፒታስ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሲገጣጥሙ ያረጁ የካምቦዲያ ሽማግሌ። እግራቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ቡድሂስት ነኝ፣ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ነው አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጠላኋቸው። በዓቢይ ጾም፣ ያውም በዓርብ፣ ከጣዖት አምላኪ ጋር ተቆለፈብኝ ብዬ እያዩኝ አማተብኩ። ሲነሡ ሲቀመጡ፣ ለታላቅ ብድግ ማለትን እንኳ ነፈግኋቸው።

ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም፤ በነሱ አቆጣጠር ሦስት ማለት ነው። ቁርሱን ስመልስ ጠባቂው የረሃብ አድማ ብሎ ጻፈብኝ። ምሳ ይዞ ሲመጣ ነገሩን አስረዳሁት።

"ሦስት ከአሥር ላይ እመለሳለሁ" አለ። "የማንም ይሁን፣ ያልተበላ ትሪ ካገኘሁ ባለቤቱ ነገ ወደ ሌላ ስቴት በሚሄደው ባስ ይጫናል።"

ባለቤቴም ጠበቃዬም እዚሁ ቅርብ፣ ኦክላንድ ናቸው። ከተጫንኩ አበቃልኝ።

በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው ትሪያቸውን ገፋ አደረጉት። "የእጅ ሰዓቱን አየሁት፤ ቀትር አልፏል። ዛሬ ከቀትር በኋላ ላልበላ ቃል ገብቻለሁ።"

"መጸዳጃው ውስጥ ይድፉትና ይገላገሉ!"

"ከዚያስ? በላሁ ልበል? አልዋሽም።"

"ለጣዖት ተጹሞ ምን ሊገኝ ነው?" አልኳቸው። ንዴቴ በማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

"ያንተን ሰዓት እኔ እነግርሃለሁ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለካ አርባ ዓመት ሙሉ በየቀኑ እንዲህ ተቀምጠዋል፤ ስንት ትንፋሽ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ያውቁታል።

ጠበቅኩ። ቢሳሳቱስ? ከቀደምኩ ጾሜን መግደፌ ነው፤ ከዘገየሁ ባሱ አለ። ከሳቸው በቀር የማምነው ሰው አልነበረኝም፤ ይኼ ደግሞ አናደደኝ።

በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ። "አሁን።"

አማትቤ ዳቦውንም አፕሉንም በላሁ። የመጨረሻዋን ጉርሻ ስውጥ በሩ ተከፈተ። የጠባቂው ሰዓት ሦስት ከአሥር ይላል። ባዶውን የኔን ትሪ አየ፣ ሙሉውን የሳቸውን አየ።

"ተነሥ" አላቸው።

ሃይማኖታቸው ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ባሱ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

እሳቸው ትሪያቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ለጠባቂው ሰጡት። "አልበላሁም" አሉት። ወደኔ ዞረው መዳፋቸውን አጋጠሙ። ያን ጊዜ ብድግ አልኩ። እጅ ነሣሁ፤ በሩ ተቆልፎ ኮቴያቸው እስኪጠፋ ድረስ አልተቀመጥኩም።

ጠበቃዬ አስፈታኝ። አሁን ሳን ሆዜ ታክሲ እነዳለሁ። የት እንዳደረሷቸው ጠይቄ የነገረኝ የለም፤ ስማቸውንም አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። "ጾምህን ጠብቀህ የለም እንዴ? ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?" አሉኝ።

"አፌ ላይ ነው፣ አባ" አልኳቸው። "ለዳቦው ከፈትኩት፤ ለሰውየው ዘጋሁት።"