የአጎቴ ተከራይ

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ውጭ የምትኖረው ልጃቸው አልማዝ፣ ሐኪሙ፣ አንድ ሹምና እኔ ነን የዚህ ነገር ሰዎች።

አልማዝ አጎቴን ለወገብ ሕመማቸው ውጭ ወስዳ ሆዳቸው ላይ ከቆዳ ሥር ትንሽ ማሽን አስቀበረችላቸው። ማስታገሻ በቀጭን ቱቦ ወደ አከርካሪያቸው ያንጠባጥባል። ኮልፌ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ መድኃኒቱን አልማዝ ትልካለች፣ ሐኪሙ ማሽኑን በመርፌ ይሞላል። የሚያከራዩት ትርፍ ቤታቸው በአዋጅ ተወርሶባቸው ስለነበር፣ «እንዴት አደሩ?» ስላቸው ሆዳቸውን መታ አድርገው፣ «ይሄኛው ተከራይ ደግ ነው፤ ኪራዩን በእንቅልፍ ይከፍለኛል» ይሉኝ ነበር።

አንድ ክረምት ላብ አጠመቃቸው፣ አንቀጠቀጣቸው። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ፣ «ቱቦው ከቦታው ወጥቷል፤ ሰውነትዎ የለመደው መድኃኒት ድንገት ተቋርጧል፣ ለሕይወትዎ ያሰጋል። እኔ አልችለውም፤ ውጭ የሠሩት ሰዎች ጋ ይሂዱ» አለ።

ከአገር የመውጫ ፈቃድ ልንጠይቅ ሄድን። ሹሙ ማመልከቻችንን መልሶ ሰጥቶን ሳቀ። «አባባ፣ ወገቡን የማያመው ማን አለ?»

አጎቴ ሆዳቸውን ይዘው፣ «ና እንሂድ ልጄ፣ ይሄንንም ወረሱት» አሉኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ልጆቼ ሆይ፣ በሰው ሕመም የሚስቅን አታክብሩ፣ ወንበሩ ቢያስፈራም። ሂሳቡ ይኸው ነው፦ አጎቴ ሕይወታቸውን፣ አልማዝ ከዚያ ወዲህ ያልረገጠችውን አገሯን ከፈሉ። እኔ ጠዋት ይቀመጡበት የነበረውን ባዶ ዱካ አልፋለሁ፤ «እንዴት አደሩ?» የምለው ሰው የለኝም። ሹሙ ምንም አልከፈለም።