ጨው የሚቀምስልን ሰው

ባሌ ኩክ ነው። ደባርቅ ውስጥ ኩክ ሲባል ሁሉም ያውቃል፤ ቱሪስቶች የሰሜንን ተራራ በእግራቸው ሲዞሩ ድስቱንና ምድጃውን በበቅሎ አስጭኖ አብሯቸው የሚወጣ፣ ባደሩበት የሚያበስልላቸው ሰው ነው። እኔ ደግሞ በረንዳችን ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ ልብስ እሰፋለሁ። ወጥ አልችልም። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ በእውነት አልችልም፤ የቀመሰው ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ ቤታችን ደህና ወጥ የሚበላው ባሌ ከተራራ ሲወርድ ነው። ከዳባት በታች የሚኖሩት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ሊጠይቁን ሲመጡ ይህን ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። "ወንድ ልጅ ድስት ሲያማስል ከማይ!" ብለው ያማትባሉ። ወጡ ሲቀርብ ግን እንጀራ ያስጨምራሉ።

ባሌ በሥራው ላይ አንድ ችግር ነበረበት። ጾም ሲገባ ለፈረንጆቹ ሥጋም እንቁላልም ይሠራል፤ እሱ ግን አይቀምስም። በቅሎ ነጂዎቹም አይቀምሱለትም፤ ክርስቲያኑ ጾመኛ ነው፣ ሙስሊሙ ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አይነካም። ስለዚህ ከእንግዶቹ አንዱን ይጠራና ማንኪያ ይሰጠዋል፤ ፈረንጁም እየሳቀ ይቀምስለታል። ይህ ያልጣማቸው አስጎብኚዎች ነበሩ። "የራሱን ወጥ የማይቀምስ ኩክ ምን ይሠራልናል?" እያሉ በጾም ወራት ሌላ ሰው ይዘው የወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤት ሲቀመጥ አንድ ቀን ተናድጄ "በምላስህ ጫፍ ብትነካው ምን ትሆናለህ?" አልኩት። ድስቱን አንስቶ ይፈትግ ጀመር። የእሱ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሲቆጡት ዝም ይላል።

የተጋባነው በሰማንያ ነው፣ እንደ አብዛኛው ሰው። እኛ አገር ቅዱስ ቁርባን የሚቀበለው ሕፃን ልጅና ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል። በመሀል ያለው ሰው ቅዳሴውን ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ ወደ መቅደሱ አይቀርብም፤ ይፈራል። ጎልማሳ ቆረበ ሲባል ጎረቤት "ምነው፣ ታመመ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። ባልና ሚስት አብረው ከቆረቡ ደግሞ ነገሩ ተቆለፈ። ሰማንያ ይቀደዳል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት ተካፍሎ ሰው ይለያያል። በቁርባን የተጋባን ሞት ብቻ ነው የሚለየው።

እኔና ባሌ ልጅ አልወለድንም። ዓመታት አለፉ፤ ጠበል ሄድን፣ ጎንደር ሐኪም ቤት ሄድን፣ ምንም የለም። አማቴ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሐሳባቸውንም በጓሮ አላወሩብኝም፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነው የነገሩኝ። "አልጠላሽም ልጄ። ግን ዘሬ በዚህ ይቁም ወይ? ሰማንያ እኮ ወረቀት ነው" አሉኝ። ዳባት አጠገብ የአንድ ደህና ሰው ልጅ እንዳለች፣ ቤተሰቧም በዘወርዋራ እንደተጠየቀ ቆይቼ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ባሌ ወደ እናቱ በሄደ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ የምሰፋው ሁሉ ይጣመምብኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ከተራራ ወርዶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከመኪናዬ አጠገብ ተቀመጠና "እንቁረብ" አለኝ። የሚያሾፍ መሰለኝ።

"እናትህስ?" አልኩት።

"እናቴን አከብራታለሁ" አለ። "አንቺን ግን አልፈታም። በየጊዜው ይህን ከምደግምላችሁ አንዴ እንቁረብና ሁላችሁም እረፉ።"

በዚያች ሰዓት ደስታዬ ምን ያህል እንደነበር አልደብቅም። ሥጋ ወደሙን ከመቀበሌ ይልቅ የበሩ መቆለፍ ነበር ያስደሰተኝ። የንስሐ አባታችን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ቀላል አላደረጉልኝም። ስግደቱ ይቅርና፣ በቧንቧ ውኃ ተጣልቼ ዓመት ሙሉ ካላናገርኳት ጎረቤቴ ጋር ታረቂ አሉኝ። ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ አሁንም የእሷ ነው። ግን ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ባሌም ማታ ማታ ከአስጎብኚዎቹ ጋር የሚቀማምሳትን አረቄ ተወ፤ "መነኮስክ ወይ?" እያሉ መዘባበቻ አደረጉት። እሑድ እንድንቆርብ ተወሰነ። ባሌ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ረጅም ጉዞ ይወጣል፣ ሲመለስ ዐቢይ ጾም ገብቶ ይጠብቀዋል፣ በጾም ደግሞ ጋብቻ የለም። የቀረችን ያቺ እሑድ ነበረች።

ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመስንም፤ የሚቆርብ ሰው ሥርዓቱ ነው። አማቴ ተጠርተው መጥተዋል፤ ፊታቸው ጠቁሮ መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል። ለእሑድ ድግስ ጎረቤቶች ሽንኩርቱን ከትፈው ሄደዋል፤ ዶሮውን ባሌ ይሠራል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ደስ ብሎት፣ በአፍንጫው መዝሙር እያለ ያማስላል። ከማማሰያው መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና ላሰው።

"ጨው ይጎድለዋል" አለ። ጨመረበት፣ አማሰለው፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ መዝሙሩን ቀጠለ።

አላወቀውም። ጾም ቢሆን ኖሮ እጁ ራሱ ያስታውሰው ነበር፤ ያ ግን የፍስክ ወር ነው፣ ድስቱ ውስጥ ያለውም ዶሮ ነገ ሁላችንም የምንበላው ዶሮ ነው። እጁ የለመደውን አደረገ።

ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ወጥቼ የጓሮውን አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ዝም ብል ማን ያውቃል? እሱ ሳያውቅ ያደረገው ነው፣ እግዚአብሔር ሳያውቁ ለሠሩት ይቅር ባይ ነው፣ አንዲት ጠብታ ናት። ብናገር ደግሞ እሑድ አመለጠች ማለት ነው። ማክሰኞ ተራራ ይወጣል፤ ከዚያ ጾም፤ ከዚያ ፋሲካ፤ እስከዚያ ዳባት ያለችው ልጅ አለች፣ የእናት እንባ አለ። ሰው ነው፣ ሊለወጥ ይችላል። ለራሴ እንዲህ እያልኩ ብዙ ተከራከርኩ፤ ሁሉንም ክርክር አሸነፍኩ፤ ግን አንዱም አላሳረፈኝም። ጠዋት ካህኑ ፊት አብረን ስንቆም አፉን ሲከፍት የማየው እኔ ነኝ። አላወቀም ብዬ ባልፈው፣ ማወቁን ለእኔ ትቶልኝ ነው የሚቀርበው።

ገባሁና "ቀምሰሃል" አልኩት።

"ምኑን?"

"ወጡን። ጨው ይጎድለዋል አላልክም?"

መዳፉን ገልብጦ አየው። ወዝ ነበረበት። ድስቱን ከእሳቱ አወረደና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለካ አማቴ አልተኙም ነበር፤ ቀና ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ባሌ በጣም በቀስታ "ጎድሎት ነበር እኮ" አለ፤ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

እዚያው ተነስተን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። መስቀላቸውን አሳለሙን፣ ሰሙን፣ ጺማቸውን እየዳበሱ ጥቂት አሰቡ። "ነገ አይሆንም" አሉ። "ለሚመጣው እሑድ ተዘጋጁ። ከዚያ ወዲያ ጾሙ እየቀረበ ነው፣ እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።" ቤት ስንመለስ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ሲሰሙ "እግዜር ሲከለክል በጨውም ይከለክላል" አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እሑድ የተጠራው ሰው መጣ፣ ድግሱን በላ። ለምን እንዳልቆረብን ሲጠየቅ ባሌ ራሱ ተናገረ፤ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ። አንዱ ሽማግሌ "ወጡ ግን ጨዉ ልክ ነው" ሲሉ ባሌ ትን አለው። ሰኞ ሄዶ የማክሰኞውን ጉዞ ለሌላ ኩክ አሳልፎ ሰጠ። አስጎብኚው "ሁለተኛ አልጠራህም" አለው፤ ቃሉንም ጠብቋል። ባሌ ይህን የነገረኝ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ያን ጊዜ ፍርሃቴ በግማሽ ቀለለልኝ። ግማሹ አማቴ ነበሩ፤ አልሄዱምና።

ረቡዕ ዕለት ከስፌት መኪናዬ አጠገብ መጥተው ተቀመጡ።

"ማንም አላየውም?" አሉኝ።

"ማንም።"

"እሱም ራሱ አላወቀም?"

"አላወቀም።"

"ታዲያ ምን አስለፈለፈሽ? እሑድ ቆርባችሁ ቢሆን እኮ እኔ አፌን ይዤ አገሬ ገብቼ ነበር።"

"ፈርቼ ነው እማማ።"

"ማንን? እኔን?"

"እግዜርን" አልኩ። ከዚያ ለእሳቸው መዋሸት ስላልቻልኩ "እርስዎንም እፈራለሁ" አልኩ።

የጨርቁን ጫፍ አንስተው ስፌቱን እያገላበጡ አዩት። አርብ በማለዳ ተነስተው "ዳባት ጉዳይ አለኝ" ብለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ምን ጉዳይ እንደሆነ እኔ መቼ አጣሁት? ሽማግሌ ሊልኩ፣ ነገሩን ሊያፋጥኑ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቀኑን ሙሉ ለሰው የምሰፋውን ቀሚስ ሁለቴ ፈትቼ ሰፋሁት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እኔ ግን ሳልቸኩልም አፈሰስኩ። ባሌ "አትሸበሪ" ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ እናቱ ናት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተመለሱ። በብብታቸው ሥር ዶሮ ይዘዋል።

"ይኼ ለነገ ነው" አሉና አስቀመጡት። ቁጭ ብለው የፊታቸውን ላብ ጠረጉ። "እነዚያንም ሰዎች ልጃችሁን ለሌላ ስጡ ብዬ መጣሁ። ብዙ አላወራሁም። 'ምራቴ እኔን ከመፍራት እግዜርን መፍራት ይብሳታል፣ እንዲህ ያለችውን ከቤቴ አላስወጣም' አልኳቸው።"

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ተይ፣ ተይ፣ ዶሮው ይታረድ" አሉኝ።

ወጡ ሲንተከተክ አማቴ በርጩማቸውን አንስተው ከምድጃው ፊት ተቀመጡ፤ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ባሌ ማማሰያውን ሊያነሳ ሲጠጋ "እጅህን" አሉት። "አማስል ብልህ ታማስላለህ። እጅህ ወደ አፍህ ሲሄድ ካየሁ ግን በዚህ በትር ነው የማገኘው።" ባሌ እንደ ትንሽ ልጅ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ሲደርስ ማማሰያውን ራሳቸው ተቀበሉት፤ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ላሱ። ወንድ ልጅ ከሠራው ድስት ፊት ተቀምጠው ሲቀምሱ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ጨው ይጎድለዋል" አሉ።

እግዜር ልጅ እስከ ዛሬ አልሰጠንም። ያ አስጎብኚም ባሌን አልጠራውም፤ ሌሎች ይጠሩታል፣ በጾም ጊዜ ያነሱ ናቸው። ከባሌ ጋር ስንጣላ እንደ ድሮው "ሰማንያዬን ቅደድልኝ" ማለት አልችልም፤ አንዳንዴ በጣም ያምረኛል። ግን ሲመሽ ተኝቼ አድራለሁ፤ ዳባት ሲሄድም ስፌቴ አይጣመምም።

በዚያች እሑድ ቆረብን። ከቅዳሴ በኋላ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ሳንነጋገር ወደ ቤት ስንወርድ፣ አማቴ ከፊት ከፊታችን ይሄዱ ነበር። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደሙ መፍሰስ የለበትም። እንቅፋት እንዳይመታን ድንጋዩን አንድ በአንድ በበትራቸው ከመንገዱ እየገፉ ቤታችን ድረስ አደረሱን።