የሰው ሐቅ ያለበት ፊደል

የአክስቴ ልጅ ሰመራ ውስጥ ቢሮ አለው። ቢሮ ስል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ከሁለቱም የሚበልጥ አየር ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው። በሩ ላይ «የኅትመትና ዲዛይን አማካሪ» የሚል ተለጥፏል። ማንን አማክሮ እንደሚያውቅ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እሱ «ታይፒስቷ» ይለኛል።

አባቴ ከወሎ መጥቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ ቤት ከፍቶ የኖረ ሰው ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያስቀራል። ለእነሱ ብሎ የነቢዩን ሕይወት በአማርኛ ጻፈ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት አለብህ፣ ብርሃንህ እያደር ይሄዳል ሲለው አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ መጽሐፉን ታትሞ በገዛ ዓይኑ ማንበብ።

በአንድ ጉዳይ ግን አይደራደርም። የነቢዩ ስም በተጠራ ቁጥር የሚከተለው ሰለዋት፣ የአላህ እዝነትና ሰላም ይውረድባቸው የሚለው ምርቃት፣ እንደ ብዙ መጻሕፍት በሦስት ፊደል ተቆርጦ ቅንፍ ውስጥ እንዲወረወር አልፈለገም። ሙሉው፣ በዐረብኛ፣ ተጠቅልሎ አንድ ምልክት ሆኖ ይግባልኝ አለ። በአማርኛ ፎንቶቼ ውስጥ ያ ምልክት አልነበረም።

ዘመድ ተሰብስቦ «ባለሙያ እያለን!» አለና ሥራው ሰመራ ሄደ። ባለሙያው ቆንጆ ፎንት መረጠ፤ ቆንጆነቱን አልክድም። አንድ ሰው እያንዳንዱን ፊደል ቁጭ ብሎ ሥሎ የሚሸጠው ፎንት ነው። ገዝተኸዋል ወይ ብዬ በስልክ ስጠይቀው ሳቀብኝ።

«እህቴ፣ ፎንት ይገዛል እንዴ? አየር ይገዛል?»

ይህን የሚለኝ ለቀዝቃዛ አየር ብሎ በየወሩ የመብራት የሚከፍል ሰው ነው። ፎንቱን ከፍቶ መቀየር ክልክል መሆኑን በሻጩ ድረ ገጽ ላይ ራሴ አንብቤ ነበርና እሱንም ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ፎንቱን ከፈተና ምልክቱን ከኢንተርኔት ቀድቶ ሰነቀረበት። ያስገባው በጥያቄ ምልክቱ ቦታ ነው። «በአጎቴ መጽሐፍ ውስጥ ጥያቄ የለም፣ ስለዚህ ቦታው ትርፍ ነው» ብሎ አሰበ። ይህን ሁሉ ከተራቀቀ በኋላ የቀየረውን ፎንት ሳያያይዝ ጽሑፉን ብቻ አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት ላከ። ማተሚያ ቤቱም ያንኑ ፎንት ሰርቆ ኖሯል። የእነሱ ግን ያልተነካካ ስርቆት ስለነበር የጥያቄ ምልክቱ በቦታው ነው። ማተሚያ ቤቱ ለእርማት የላከለትን ቅጂ «አይቼዋለሁ፣ ድንቅ ነው» ብሎ መለሰው። ያየው ሽፋኑን ነው፤ የራሱ ስም ያለው እዚያ ነዋ።

የመጽሐፉን ካርቶኖች ራሱ በመኪና ጭኖ አዋሽ ድረስ አመጣ። የአባቴ ዓይን ገና ጥቂት ብርሃን ነበረው፤ መነጽሩን አደረገና ገለጠ። «ነቢዩ ሙሐመድ» ይላል፤ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት። በሚቀጥለው መስመርም እንደዚያው፤ በሚቀጥለው ገጽም። በሰለዋቱ ፋንታ ጥርጣሬ ታትሞ መጣ።

አባቴ ይወድቃል ብዬ ወንበሩን ያዝኩ። እሱ ግን ብዕር አምጪልኝ አለ። የመጀመሪያውን የጥያቄ ምልክት ሰረዘና ሰለዋቱን በላዩ ጻፈበት። ሁለተኛውንም እንደዚያው አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ ይሄ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ። የአክስቴ ልጅ ስለ «ሲስተም» መተንተን ሲጀምር አቋርጬው ፎንቱ ሳይገዛ የተወሰደ፣ ሳይፈቀድም የተነካካ መሆኑን ተናገርኩ።

«ፊደሉን የሠራው ሰው ያውቃል?» አለ አባቴ።

«አጎቴ፣ ወላሂ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

አባቴ ብዕሩን ከደነው። «ይሄን በቀለም አርመዋለሁ። የሰው ሐቅ ግን በምን ይታረማል? ውሰደው።»

ካርቶኖቹ ወደ ሰመራ ተመለሱ። እኔ ለፎንቱ ባለቤት ጻፍኩለት፤ ብዙ ሳይቆይ በትሕትና መለሰልኝ። ለአንድ መጽሐፍ የጠየቀኝ ዋጋ የአክስቴ ልጅ ለአንድ ቅዳሜ ጫት ከሚያወጣው ያንሳል፤ ከፈልኩና የፈቃድ ደብዳቤውን ላከልኝ። ፊደሌን አትንኪብኝ፣ ምልክቱን ለብቻው ትንሽ ፎንት አድርገሽ ከጎኑ አስቀምጪው አለኝ፤ አሠራሩንም አሳየኝ። ያ «አማካሪ» የተራቀቀበት ነገር ሁሉ መፍትሔው አንድ ደብዳቤ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ያልሰማ የወሎ ልጅ እንዴት እንደሚገኝ አላውቅም።

ለአዲሱ ምልክት አባቴ ሰለዋቱን በብዕር ጻፈልኝ። ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ እስኪወደው ድረስ ደጋገመው። እሱን ስካን አድርጌ ፎንት አደረግሁትና ሌላ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ። ወረፋው ረዘመ፤ ወረቀትም ጠፋ። መጽሐፉ ሲደርስ የአባቴ ብርሃን ሄዶ ነበር።

ሽፋኑን በመዳፉ ዳበሰ። «ምልክቱ ገብቷል?»

«ገብቷል አባዬ፤ የራስህ እጅ ጽሑፍ ነው።»

«ፈቃዱስ?»

ከመጽሐፉ በፊት ፈቃዱን እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ከሐዘኔ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። በሁለቱ ኅትመቶች መሀል የባከነው ጊዜ ለአባቴ የቀረው የማየት ጊዜ ነበርና፣ ይህን ይቅር አልልም።

የአክስቴ ልጅ ያን ሰሞን ሊጠይቀው መጣ። አዲሱን መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አሁንማ ላያየው ነገር፣ የፊተኛውን ኅትመት ብትሰጪው ምን ነበረበት?»

የአባቴ የሄደው ዓይኑ ነው፤ ጆሮው አልሄደም። ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

«ልጄ» አለኝ፣ «እንግዳውን ሸኚው።»

የገዛ እህቱን ልጅ ነው እንግዳ ያለው። ምሳ ሊቀርብ ነበር። ያን ሁሉ መንገደኛ ሲያበላ የኖረ ሰው፣ ደጁ የመጣን ሰው ሳያበላ ሲሸኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።