በቅዳሴ ሰዓት የጮኸው ትራክተር

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሆነው በታኅሣሥ፣ በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ አባታችን ሆይ ለመድገም የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ነገር ግን ልጄን የማጣበት ቀን ሊሆን ይችል ነበርና እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም።

የምንኖረው መንዝ፣ ከሞላሌ ከተማ በትራክተር የሦስት ሰዓት መንገድ ርቀን ነው። ገብስ እናርሳለን፤ በግ እናረባለን። ባለቤቴ ታደሰ ከዓመታት በፊት በጎች ሸጦ አንድ አሮጌ ትራክተር አመጣ። ቀለሙ ከመልቀቁ የተነሳ የየት አገር ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። ማሳችን ተዳፋትና ድንጋያማ ስለሆነ ለእርሻው ብዙም አልሆነንም፤ ተሳቢ ቀጥለንበት እህልና ጭድ እናጓጉዝበታለን።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ታደሰ ከገብስ ክምር ወድቆ ግራ እግሩ ተሰበረ። ማርሽ ሲለወጥ የሚረገጠው ፍሪሲዮን ደግሞ በግራ እግር ነው። በቀያችን ሌላ የሚነዳ ሰው የለም።

«አንቺ ሞክሪው» አለኝ።

ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ሁለት ሳምንት አስተማረኝ። እሱ በምርኩዝ ቆሞ ይናገራል፤ እኔ ወዲያና ወዲህ እነዳለሁ። አንድ ጎረቤታችን አጥር ተደግፎ ሲያየን ቆየና «ሴት ሞፈር ስትጨብጥ አይተን አናውቅ፤ ጭራሽ ትራክተር!» አለ።

አማቴ እማማ አስካለ በር ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትሉ ነበር። ቀና ሳይሉ መለሱለት።

«በሬ መጥመድ ለሴት ነውር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ብረት መጥመድ ነውር ነው ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። አንተ ከሰማህ ንገረን።»

ሰውየው ስቆ ሄደ።

ታደሰ ከሁሉም በፊት ያስተማረኝ ድምፅ መስማት ነው። «ማርሹ ከበዛበት ያጉረመርምልሻል፤ ይንቀጠቀጣል። ካነሰበት ይጮኻል እንጂ መንገድ አይገፋም» ይለኝ ነበር። ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ በሚሳብ ማንሻ ነው። ባዶውን በሜዳ ላይ ሲሄድ ከፍ ያለ ማርሽ አስገብቶ ማንሻውን መለስ ማድረግ ይበቃዋል። ነዳጅም ይቆጥባል፤ ድምፁም ይረግባል። ሸክም ሲይዝ ግን ማርሹ ዝቅ ይላል፤ ሞተሩም ይጮኻል።

አንድ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ነገረኝ። «ቁልቁለት ከመጀመርሽ በፊት ሜዳው ላይ ቁሚ። ያ ቁልቁለት ዳገት ቢሆን በምትወጪበት ማርሽ ውረጂው። አንዴ ከጀመርሽ በኋላ ማርሽ አትንኪ።»

ገባኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ አይደለም ያጠፋሁት።

በታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የእኛንና የሁለት ጎረቤቶቻችንን ገብስ ጭኜ ወደ ሞላሌ ሄድኩ። ገብሱን የሚወስደው መኪና በማግስቱ ማለዳ ይነሳ ስለነበር በዚያው ዕለት ደርሼ እዚያው ማደር ነበረብኝ። የመጨረሻዋ ልጄ ጽጌ ያኔ ስምንት ወሯ ነው፤ ጡት ስለምትጠባ ትቻት መሄድ አልቻልኩም። አማቴ አዘሏትና ተሳቢው ላይ ከጆንያዎቹ ጋር ተቀመጡ። ልጅቷን በጋቢ ሸፍነው፣ ነፋሱ ፊታቸውን እንዳይመታቸው ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ወደ ኋላ ዞሩ።

«ይሄ ነገር በሬ ቢሆን ስሙን ጠርተሽ ታቆሚው ነበር» አሉኝ ስንነሳ። «ለማንኛውም አንቺ አምላክሽን ጥሪ።»

መንገዱ ላይ አንዲት የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች። በጾሙ ወራት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነውና ስንደርስ ዜማው ይሰማል። በእኛ አገር ሰው በበቅሎም ቢመጣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ይወርዳል፤ ተሳልሞ በእግሩ ያልፋል። እኔ መውረድ አልችልም። ትራክተሩ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ፣ ያን ሁሉ ሸክም ይዞ፣ ሜዳውን በሙሉ እየረበሸ ነው።

አፈርኩ። ቢያንስ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ልለፍ አልኩ። ቆሜ አራተኛ ማርሽ አስገባሁና ማንሻውን እስከሚችለው መለስኩት። ዝም አለ ማለት ይቻላል። ቀስ እያለ በደጁ አለፈ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ተሳለምኩ።

ከቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ አለፍ ብሎ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጫፉ ላይ ቆሜ ማርሹን ልለውጥ ነበር ሐሳቤ። ሜዳው ግን እንደመሰለኝ ረጅም አልነበረም። ከስግደቴ ቀና ስል የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ታች ዘንብሏል።

ፍሬን ያዝኩ። ተሳቢው ፍሬን የለውም፤ ከኋላ ገፋኝ። ፍጥነቱ ሲጨምር ደነገጥኩና አትንኪ የተባልኩትን ነካሁ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ማርሹን ከአራት አወጣሁት። ሁለተኛ ላስገባው ስታገል ጥርሱ ተንገጫገጨ እንጂ አልገባም። ከዚያ በኋላ ትራክተሩን የሚይዘው ነገር ጠፋ። ቀድሞ ሞተሩ በመጠኑም ቢሆን ይይዘው ነበር፤ አሁን እሱንም አጣ።

ከታች መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው ማዶ ገደል ነው። ያየሁት ገደሉን አይደለም፤ ከኋላዬ አማቴ ጀርባ ላይ ያለችውን ልጅ ነው። ሳልዞር አየኋት።

«አንቺ ሴት! ፍሪሲዮኑን ልቀቂው!»

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ይሮጣሉ። ነጠላቸው ወድቋል፤ ዱላቸውን ይዘዋል።

ለቀቅኩት።

«አሁን ነዳጅ ስጪው!»

አብደዋል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ እየሮጠ ነዳጅ!

«ስጪው እልሻለሁ! እንዲጮህ አድርጊው!»

«ቅዳሴ…» አልኩ። በእውነት ይህን ነው ያልኩት።

«ቅዳሴውን ተዪው! ሳቢው!»

ማንሻውን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ያ ትራክተር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ጮኾ አያውቅም። ጥቁር ጭስ ፊቴን ሸፈነው።

«ርገጪ! ሦስተኛ አስገቢ! አሁን!»

ረግጬ ገፋሁት። ቢላ አፎቱ ውስጥ እንደሚገባ ያለምንም ድምፅ ገባ።

«ፍሪሲዮኑን ልቀቂ! ነዳጁን መልሺ! ሁለቱንም ፍሬን እኩል ያዢ!»

ማንሻውን ስመልሰው ትራክተሩ ከፊት የያዙት ያህል ቀዝቀዝ አለ። የኋላ ጎማዎቹን የሚይዙትን ሁለት ፍሬኖች በአንድነት ጫንኳቸው። ከመታጠፊያው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሽማግሌው ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ አስገቡ። ከዚያ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ሲያለከልኩ ቆዩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የአማቴን ድምፅ ነው። ወደ ኋላ ዞረው ቤተ ክርስቲያኗን ሲሳለሙ ስለነበር ከፊት የሆነውን አላዩም።

«ምን አጣደፈሽ? ደግሞስ በቅዳሴ ሰዓት እንዲህ ይጮኻል? ካህናቱ ምን ይሉናል?»

ሽማግሌው መለሱልኝ።

«ልክ ነዎት እናቴ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ እንዲጮህ አድርጊው ያልኳት።»

«እርስዎም ትልቅ ሰው ሆነው!» አሉ አማቴ።

«አዎ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉና ወደ እኔ ዞረው ትንሽ ፈገግ አሉ።

ወርጄ ልጄን ተቀበልኳቸው። ተኝታለች። ቀስቅሼ አጠባኋት።

ስማቸው አያ ደምሴ ነው። በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ትራክተር ሲነዱ ኖረዋል። ነዳጁን ለምን እንዳስጨመሩኝ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱኝ። «ጎማው እየሮጠ፣ ሞተሩ ዝግ ብሎ ከሆነ አይገናኙም። ጥርሱ ይገፋሻል። ሞተሩን አስሩጠሽ እኩል ስታደርጊያቸው እሺ ይላል። እኔ ግን ይህን የነገርኩሽ ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው። ነገ እንዳትሞክሪው። ከላይ መቆም ነው ደጉ።»

ለምን አራተኛ ማርሽ ውስጥ እንደነበርኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ሜዳ ቢሆን ልክ ነበርሽ» አሉ።

«አሁንስ ያን ሁሉ ጩኸት… ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ኦፕሬተር ነበርኩ። ግን እመቤታችንም ልጅ ይዛ የተሰደደች ናት። የእናት ድንጋጤ አይጠፋትም።»

ለምን ውጭ እንደነበሩም ነገሩኝ። በዚያ ሰሞን ሐኪም መድኃኒት አዞላቸው ነበር። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድምና ጠዋት በልተዋል። ጾም ሽሬ ከጾመኛ ጋር አልቆምም ብለው ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡ ሥር ቆመው ነበር የሚያስቀድሱት። «ሳፍር ነበር የዋልኩት» አሉኝ።

ልጄን ለአማቴ መልሼ ትራክተሩ ላይ ወጣሁ።

የቀረውን ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ ወረድን። እሳቸው ሜዳው እስክንደርስ ከፊቴ ከፊቴ በእግራቸው ሄዱ። ትራክተሩ ከእሳቸው አልፈጠነም። ሞላሌ ጀምበር ሳትጠልቅ ገባን፤ ገብሱም በማግስቱ ተጫነ።

ለአማቴ የሆነውን የነገርኳቸው እዚያ ሞላሌ ነው። ልጅቷን ከጀርባቸው አውርደው ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይኔ! እኚያን የተባረኩ ሰው ተቆጣኋቸው እኮ!»

ታደሰም ስነግረው አልተቆጣም። «እኔ ብሆን ነዳጅ አልሰጠውም ነበር» አለ።

ዛሬ እግሩ ድኗል፤ እሱም ይነዳል፣ እኔም እነዳለሁ። በኪዳነ ምሕረት ደጅ የማልፈው በሁለተኛ ማርሽ ነው። ቅዳሴ ቢሆንም ባይሆንም ይጮኻል። ካህናቱ አንድ ቀን እንኳ ተናግረውኝ አያውቁም። ጫፉ ላይ እቆማለሁ፤ ጽጌ አብራኝ ኖረችም አልኖረችም ቁልቁለቱን አይቼ አንደኛ አስገብቼ እወርዳለሁ።

የዚያን ዓመት ልደት እንዳለፈ ቤታቸውን ጠይቀን ከአማቴ ጋር ወደ አያ ደምሴ ሄድን። አማቴ ከፈተሉት ሱፍ የተሠራ፣ ለብርድ የሚለበስ አንድ ባና ይዘናል። እሳቸው ባናውንም ልጅቷንም ከማየታቸው በፊት «ፍሬኖቹ እኩል ይይዛሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አማቴ ይቅርታ ሊጠይቁ ጎንበስ ሲሉ «ኧረ ተዉ እናቴ፤ የልጅ ልጅዎን አዝለው ቢቆጡኝ ደስ አለኝ እንጂ» አሏቸው።

ጽጌን አቅፈው መረቋት። ባናውን ግን በግድ ነው የተቀበሉን።

ልንሰናበት ስንነሳ አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ የክርስትና ስማቸውን። ሰው ሲጸለይለት በዚያ ስሙ ነውና። ጠጋ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ።

ያን ስም እዚህ አልጽፈውም። ጠዋት ጠዋት፣ ልጆቼ ሳይነሡ፣ ከእነሱ ስም ጋር አብሬ የምጠራው ነው።