የጦጢት ማሳ

ልጅ ሳለሁ ከምንም ነገር በላይ የሚያናድደኝ መሐል መንገድ ላይ የሚቆም ተረት ነበር። ረኃብ እችላለሁ፣ ቁጣም እችላለሁ፤ «ከዚያስ?» ብዬ መልስ ካጣሁ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። እግዜር ደግሞ እንዲህ ያለችውን ልጅ ወስዶ አንዲትን ተረት ወራት ሙሉ የሚያንጠለጥሉ ሴት ቤት አስቀመጣት።

ሴትየዋ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ይታይሽ ነበሩ። አባቴና እናቴ ቡሬ ከተማ በርበሬ እየነገዱ ይኖራሉ። እትዬ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጅም ሳይወልዱ ብቻቸውን ስለቀሩ «ጓደኛ ትሁናቸው» ተብዬ ከፍኖተ ሰላም በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ገባ ብሎ ወዳለው መንደራቸው ተላክሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ መሬት እንደገና ሲደለደል የእትዬም ስም በስብሰባ ተጠርቶ ከወንዙ ማዶ አንድ ማሳ ደርሷቸዋል። የሟች ባላቸው ሁለት በሬዎች፣ ቦራና ዳማ፣ በረት ውስጥ አሉ። መሬት አለ፣ በሬም አለ፤ የጠፋው አራሽ ነው።

በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ትውላለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ሴት ካረሰች ሰማዩ ይቆጣል፣ ዝናብ ይቀራል ይባል ነበር። ስለዚህ ማሳውን የሚያርሱልን ጎረቤታችን አያ ስንሻው ነበሩ፤ ከምርቱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ማንም ገበሬ እንደሚያደርገው መጀመሪያ የራሳቸውን ያርሳሉ፣ ቀጥለው የወንድማቸውን፣ ቀጥለው የአማቻቸውን። የእትዬ ጤፍ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ይዘራና ፍሬ ሳይቋጥር ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። እኔ በሄድሁበት ዓመት የገባው ጤፍ እስከ ፋሲካ እንኳ አላደረሰንም።

ተረቱ የሚነገረው ከእራት በፊት ነበር። ምድጃው ውስጥ ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እየጤሰ ዓይናችንን ይቆጠቁጠዋል፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ጥላችንን ግድግዳው ላይ ያወዛውዘዋል፣ እኔና የአያ ስንሻው ሦስት ልጆች የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምን «የላም በረት» እንላለን። እትዬ የጅቡንም፣ የአህያውንም፣ የጥንቸሏንም ተረት እስከ ጥጉ ወስደው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ይቋጩታል። የጦጢትን ግን አይቋጩትም።

የጦጢት ተረት እንዲህ ነው። ጦጢት የሰው ማሳ እየገባች፣ ከበቆሎውም ከሽንብራውም እየቀመሰች፣ በሄደችበት ሁሉ ወንጭፍ እየተወነጨፈባት ትኖር ነበር። አንድ ቀን ዋርካ ላይ ቁጭ ብላ «ዕድሜ ልኬን በሰው ማሳ ዳር ቆሜ የሰው እጅ ሳይ ልኖር ነው? የራሴን አርሼ የራሴን ብበላስ?» አለች። ይህን ለአውሬዎቹ ብትነግራቸው አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀበሮ «ለመሆኑ ከዘርሽ ማን አርሶ ያውቃል?» አላት። ጦጢትም «ማንም» ብላ መለሰችና ጫካ ገብታ እንጨት ቆረጠች፣ ሞፈሩንም ቀንበሩንም ጠርባ አሰናዳች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገና ናት» ይላሉ እትዬ፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ።

በማግስቱም ገና ናት። በሳምንቱም ገና ናት። የአያ ስንሻው ልጆች ሌላ ተረት ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን ያቺ ጦጢት ቀንበሯን ታቅፋ ጫካ ውስጥ እንደቆመች ትታየኛለች፣ ሳይዘጋ ያደረ በር ያህል ታሳስበኛለች።

ሰው አንድ ነገር ማወቅ ከፈለገ ዓይኑ ይከፈታል መሰለኝ፣ ያኔ ቀድሞ የማላያቸውን ነገሮች ማየት ጀመርሁ። ጠዋት ስነቃ እትዬ መደባቸው ላይ የሉም። ማታ እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው ሳይሞቁት ቶሎ ይሰበስቡታል፤ መዳፋቸው ውሃ ቋጥሯል። ስጠይቃቸው «የመጥረቢያ ነው» አሉኝ፤ እንጨት ግን የሚፈልጥልን የአያ ስንሻው ትልቁ ልጅ ነው። አንድ ማታ ደግሞ ተረቷ ሳይታሰብ ተንቀሳቀሰች። ጦጢት በሬዎቿን ጠመደች፤ በሬዎቹ ግን አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ እየጎተቱ ከቀንበሩ ጋር አዞሯት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅሁም፤ የዚያን ዕለት ቀን የቦራን ጫንቃ ቀንበር ልጦት አይቼ ነበር። አያ ስንሻው ደግሞ በሬዎቻችንን ከነኩ ወር አልፏቸዋል።

በማግስቱ እንደተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁና ተከተልኋቸው። ከቤታችን ጀርባ በባሕር ዛፍ የታጠረች ጠባብ ቦታ ነበረች። ጉሙ አልተነሣም። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በአንድ እጃቸው እርፍ በሌላው ጅራፍ ይዘው ከቦራና ከዳማ ኋላ ይታገላሉ። ማረሻው አፈሩን ይጭረዋል እንጂ አይገባበትም፤ በሬዎቹ ይጋጫሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ይቆማሉ። እኔ ዛፍ ተገን አድርጌ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጦጢት ማን እንደሆነች ያኔ ገባኝ።

«ነይ ውጪ» አሉ ሳይዞሩ። «ያቺ ዓይንሽ እንደማትተኛ አውቃለሁ። በይ ከፊት ከፊታቸው ሆነሽ ምሪያቸው።»

ከፊት ሆኜ ጥቂት እንደሄድሁ ዞር ብዬ አየኋቸውና አንድ ነገር ከነከነኝ።

«እትዬ፣ ለአያ ስንሻው ምሳ ስናደርስ ቦራ በዚህ እጄ በኩል ነበር» ብዬ ግራ እጄን አወጣሁ። «ዛሬ ምነው በዚህኛው ሆነ?»

«በግራ ነው እኮ የጠመድሁት ልጄ፤ ሁልጊዜ እንዳለው።»

ይህን ብለው ወደ እኔ መጡና ከፊት ቆመው አዩ። ተመልሰው ከኋላ ቆመው አዩ። እንደገና ወደ ፊት መጡ። ከዚያ ሞፈሩ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ነገሩ ለእኔ የገባኝ ቆይቶ ነው። የተገራ በሬ ጎኑን ያውቃል፤ ቦራ የቀኝ በሬ ነበር፣ በግራ ሲጠምዱት የሚያውቀው ሁሉ ይጠፋበታል። እትዬ ግን ዘመናቸውን ሙሉ ምሳ ተሸክመው ከፊት ለፊት ወደ ማሳው ሲሄዱ ኖረዋል። የበሬው ቀኝ ለእሳቸው ግራቸው ነበር።

«ሃያ ዓመት!» አሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የበሬ ፊት እንጂ ጀርባ አይቼ አላውቅ።»

በሬዎቹን አቀያየርናቸው። ማረሻው አፈሩ ውስጥ ገባ፤ ትኩስ የአፈር ሽታ ወደ ላይ መጣ። እትዬ አንድ ትልም እስከ ጥግ አደረሱና እርፉን ሳይለቁ ዞረው አዩት።

«ለጤፉ ብለው ነው የሚማሩት?» አልኋቸው።

«ለጤፉም ነው። ግን ባለቤቴ ሳሉ ምሳ አድርሼላቸው ስመለስ፣ እስቲ አንድ ትልም ብቻ ልያዝልዎ እላቸው ነበር። ‘ሰው ያየናል’ ይሉኛል። ሰው የማያየው ቦታ ስፈልግ ኖርሁ፤ ማሳ ደግሞ ሁልጊዜም ሰው የሚያየው ቦታ ነው።»

«ታዲያ ለምን ‘እኔ ነኝ’ አይሉም? ለምን ‘ጦጢት’ ይላሉ?»

«ገና ሳልችለው ቢስቁብኝ እርፉን እለቀዋለሁ። በጦጢት ቢስቁ ግን ምን ገዶኝ?»

ከዚያ ወዲያ ተረቷ በየማታው አንድ አንድ እርምጃ ትሄድ ጀመር። ጦጢት በሬዎቿን ከኋላ አየቻቸው፤ ጦጢት ድንጋይ መታችና ማረሻዋን አጣመመች፤ ጦጢት ለሁለተኛ ጊዜ አረሰች። እኔ ምስጢር ጠባቂ ሆኜ በኩራት ስሰማ ልጆቹ ተረቷን በየማታው ለአባታቸው ይዘውላቸው ይሄዳሉ።

ሐምሌ ገባ። ሰው ሁሉ ጤፍ ሲዘራ አያ ስንሻው በልጃቸው «የይታይሽን ማሳ ለፍልሰታ እደርስበታለሁ» ብለው ላኩብን። እትዬ ልጁን ቆሎ ዘግነው ሸኙት። በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ በየማሳው ሳለ፣ ቦራና ዳማን እየነዱ ወንዙን ተሻገሩ። እኔ ዘሩን በቅል ይዤ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ።

የመጀመሪያውን ትልም ሲጀምሩ በዙሪያው ያለው ጅራፍ ሁሉ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አያ ስንሻው የራሳቸውን በሬዎች አቁመው መጡና ድንበሩ ላይ ቆሙ።

«ልጆቼ በየማታው የሚያወሩልኝ ጦጢት አንቺ ነሽ ለካ፣ ይታይሽ።»

«እኔ ነኝ፣ አያ ስንሻው።»

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ነው የሚባለው።»

«ወንዱማ ለፍልሰታ እደርሳለሁ ብሎ ላከብኝ» አሉ እትዬ በትሕትና፣ በሬዎቹን ሳያቆሙ። «ጤፉ ደግሞ ፍልሰታን አይጠብቅልኝም።»

አያ ስንሻው ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። እትዬ በሦስት ቀን ዘርተው ጨረሱ። በአራተኛው ቀን ዝናቡ ጠፋ።

አንድ ቀን ሲያባራ ማንም ልብ አላለውም። ሦስት ቀን ሲሆን ሰው ቀና እያለ ሰማዩን ማየት ጀመረ፤ ሰማዩን አይቶ ደግሞ እትዬን ያያል። በእኛ አገር ሰው በፊት ለፊት አይናገርም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰላምታው አጠረ፣ ውሃ ስንቀዳ ወሬው ተቋረጠ፣ የአያ ስንሻው ልጆችም ማታ ማታ መምጣት ተዉ። በስድስተኛው ቀን ምሽት እኔና እትዬ ብቻችንን እሳቱ ዳር ተቀመጥን። ተረት አልተነገረም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ከዚያስ?» አላልሁም፤ የምሰማውን ፈራሁ።

«ፈርቻለሁ ልጄ» አሉኝ እትዬ እራሳቸው። «ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ፈርቻለሁ።»

እጃቸውን ያዝሁ። ውሃ የቋጠረው መዳፍ ደርቆ ጠጥሮ ነበር፣ እንደ አያ ስንሻው እጅ ይሻክራል።

በሰባተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በሰከላ ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መጣ። የእትዬ ማሳ ላይም፣ የአያ ስንሻው ማሳ ላይም እኩል ዘነበ። እትዬ ደጅ ወጥተው ነጠላቸው እስኪበሰብስ ቆሙ፤ እኔም ከጎናቸው ቆምሁ፤ ማናችንም «እንግባ» አላልንም። በማግስቱ አያ ስንሻው ወደ ቤታችን መጡ። «ትልምሽን አየሁት፣ እንደ እባብ ይጠማዘዛል» አሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ሞፈር አንሥተው የላላውን ጠፍር ፈቱና እንደገና አጥብቀው አሰሩት፤ ሁለቴ ሳብ አድርገው ሞከሩት። «ይኼ ሲላላ ነው የሚያጣምምሽ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንደር ስለ ሰማይ ቁጣ ያነሣ ሰው አልሰማሁም።

ያን ዓመት ጤፉ ፋሲካን አሻገረን። ምርቱ የገባ ዕለት ማታ ልጆቹ ሁሉ ተመልሰው መጡ። ጦጢትም አጨደች፣ ወቃች፣ የራሷን እህል በራሷ እጅ ቆርሳ በላች። እኔ በቃ ተፈጸመ ብዬ «አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉ የማጎርሳቸውን ዳቦ ይዤ ተዘጋጅቻለሁ። እትዬ ፍሙን አዩ፣ ጥቂት አሰቡ።

«ከዚያ ደግሞ ጦጢት ወንዙን አየችው» አሉ። «ይኼ ውሃ በጋውን ሙሉ በማሳዬ ሥር ዝም ብሎ ሲያልፍ ምነው እስከ ዛሬ አላየሁትም አለች።»

«አያልቅም እንዴ!» ብዬ ጮህሁ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ እየሳቁ፣ «ጦጢት እኮ አልሞተችም።»

እትዬ ቦይ ቆፍረው ውሃው ማሳው ላይ እስኪወጣ ሁለት በጋ ፈጀ፤ የጦጢትም ተረት ሁለት በጋ ቦዩ ውስጥ ቆየች። እኔ ወደ ቡሬ ከተመለስሁ በኋላም ለጥምቀት ስሄድ የምጠይቀው ስለ ጤናቸው ሳይሆን ጦጢት የት ደረሰች ብዬ ነበር። እትዬ ሲያርፉ ጦጢት ፊደል መቁጠር ጀምራ ነበር፤ መጨረሻ የሰማሁ ጊዜ «መ» ላይ ደርሳለች። ያቺ ተረት አልተቋጨችም። ከተረቶቹ ሁሉ ዛሬ አንድም ሳላጎድል የማስታውሰው እሷን ብቻ ነው፤ ያላስረሳኝም ያ ልጅ ሆኜ ያናደደኝ ነገር መሰለኝ።

እኔ አሁን ቡሬ ላይ ባጃጅ የምነዳ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወደ ነቀምት በሚገነጠለው መንገድ ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ፣ ባለተሳቢዎቹ ከባድ መኪናዎች ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ አያለሁ። ከዚያ ቁልቁለት በታች ምን እንዳለ አላውቅም፤ መሪውን ይዤ ወርጄ ማየት እፈልጋለሁ። ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለቴም ወደቅሁ። ተሳቢ ወደኋላ ሲነዳ መሪውን ወደ ግራ ስታዞሪው እሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እጄ ይህን አልቀበል አለ። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ወንዶቹ ሲሳሳቁ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድሁ። ከፊት ቆሜ አየሁት፣ ዞሬ ከኋላ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሳላስበው እኔም ሳቅሁ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ሳለ ልጆቼ ተረት አምጪ አሉኝ። ጦጢት ከባድ መኪና ላይ ስትወጣ፣ አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ ተሳቢው አልታዘዝ ሲላት ነገርኋቸው፤ ከዚያ ቆምሁ።

«ከዚያስ፣ እማዬ?» አለች ትንሿ፣ ዓይኗን አፍጥጣ።

«ከዚያማ ገና ናት» አልኋት። «ዐርብ ፈተና አለባት።»